ጋሽ ጠመኔ እስኪመለሱ

የካቲት 10፣ ሰኞ

ዛሬ መምህርት ሆንኩ። ተማሪነቱን ሳልጨርስ ማለቴ ነው። የኮሌጅ ትምህርቱ አልቋል፤ የቀረኝ የመመረቂያ ጥናቴ ነው። ጽፌ፣ አማካሪዬ እሺ ብለውት፣ ፈታኞች ፊት ቆሜ ካላለፍኩ ዲግሪ የለም። እህቴ ሥራ መያዜን ስነግራት ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ ሳትል፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ "በይ ውጪው፤ ስትወድቂ እዚህ ነኝ" አለች። ማበረታታቷ ነው።

የያዝኩት ስምንተኛ ለ ነው፣ ሂሳብ። መምህራቸው ጉሮሯቸውን ታመው ኦፕራሲዮን ሆነዋል። ትምህርት ቤቱ በሙሉ ጋሽ ጠመኔ ነው የሚላቸው፤ ከኮታቸው እጅጌ ላይ ጠመኔ ጠፍቶ አያውቅም አሉ። ምክትል ርዕሰ መምህሯ የምሠራው ጋሽ ጠመኔ እስኪመለሱ ድረስ መሆኑን ነገሩኝ። ቢሯቸው ስገባ አንዴ፣ ስወጣ አንዴ።

ገና ጠመኔውን ሳላነሳ፣ "ቲቸር፣ ጋሼ መቼ ነው የሚመጡት?" ተባልኩ። የጠየቀችው ከፊተኛው ወንበር ያለች ቀጭን ልጅ ናት። ጓደኞቿ ጠበቃ ይሏታል። ለምን እንደሚሏት ለማወቅ ጊዜ አልፈጀብኝም። አንድ ጥያቄ ስሠራ እጇን አውጥታ፣ ጋሼ እንደዚህ አይሠሩትም አለች። መልሱ ያው አንድ ነው አልኳት።

"መልሱማ አንድ ነው። እኔ ያልኩት መንገዱን ነው።"

ክፍሉ ሳቀ። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ጮኽኩ። ዝም አሉ። ዞርኩ። ጀመሩ። ጮኽኩ። ዳስተር ጠፋ። ዳስተሩን ስፈልግ ደወል ተደወለ። ዳስተሩ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ እኔው ነኝ የከተትኩት።

የካቲት 15፣ ቅዳሜ

አማካሪዬ ሁለተኛውን ምዕራፍ መለሱልኝ። ከዳር እስከ ዳር በቀይ። የጥናቴ ርዕስ "ተማሪዎች በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ዝም የሚሉባቸው ምክንያቶች" ነው። አምና ርዕሱን ስመርጥ ስለ ዝምታ የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ራሴ ዝም የምል ተማሪ ነበርኩና። አሁን ከሰኞ እስከ ዓርብ ዝም በሉ እያልኩ ስጮህ እውላለሁ፤ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ ለምን ዝም አሉ እያልኩ እጽፋለሁ። እህቴ ይኼን ስነግራት መርፌ ከአፏ እስኪወድቅ ሳቀች። "ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የጥናትሽ ተማሪዎች እንዳይነቅዙ ፈርተው ነው" አለችኝ። በራሴ ጉዳይ ከእኔ በቀር ሁሉም ይስቃል።

አማካሪዬ ያሉኝን አልረሳም። የሌሎችን ሐሳብ በሥርዓት ደርድረሻል፤ አንቺ ግን የት አለሽ አሉኝ። እኔማ ስምንተኛ ለ ውስጥ ነኝ፣ የት እሆናለሁ። ይኼን በልቤ ብዬ ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ድምፄ ተዘጋ። ሞቅ ያለ ውሃ በማር። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጬ ደብተር ሳርም የባዮሎጂው መምህርና የታሪክ መምህርቷ ከጀርባዬ ያወራሉ። ልጅቷ እስከ መቼ ናት አለ እሱ። ጋሽ ጠመኔ እስኪመጡ ነው አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ "ይመጣሉ ብለህ ነው?"

ቀና አላልኩም። አንዱን ደብተር ሁለት ጊዜ ነው ያረምኩት። ነገሩ እኔን አይመለከትም። ግን እንዲህ ሲሉ ምን ሰምተው ነው? ሐኪም ነው ያለው ወይስ ዝም ብለው ነው? ነገ ሻይ ሰዓት የታሪክ መምህርቷን በዘዴ ልጠይቃት። ለእሳቸው አስቤ ነው።

የካቲት 23፣ እሁድ

ከእህቴ ጋር ተጣላሁ። ቁምነገሩ ይኼ ነው፦ የታሪክ መምህርቷ ሐኪሞቹ ለሰውየው እንደ ድሮው ድምፅ እንደማይኖራቸው ነግረዋቸዋል ስላለችኝ እሱኑ ለእህቴ እያወራሁላት ነበር። ከዚያ እንዲህ ከሆነ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ልቆይ እችላለሁ፣ ምናልባትም ቋሚ ሊያደርጉኝ ይችላሉ፣ ዲግሪውም እስከዚያ ይደርሳል አልኩ። እህቴ ፔዳሏን ረግጣ አቆመችና፣ "አንቺ፣ ሰውየው እንዳይድኑ ነው እንዴ የምትጸልዪው?" አለችኝ።

ቀልዷ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን እንዲህ ዓይነት ቀልድ አለ? እኔ ሰውየውን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ክፉ ተመኝቼ አላውቅም። የተናገርኩት ስለ ሥራ ነው፤ ሰው ስለ ሥራው ማውራት አይችልም? ታማ የነበረች ጎረቤታችንን ስንት ቀን ያስታመምኩ እኔ አይደለሁም? እሷ ራሷ መንገድ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ሱቋን ስትዘጋ ደንበኛ በዛልኝ ብላ ደስ ብሏት አልነበረም? ይኼን መልሼ ስነግራት፣ "አዎ፣ ብሎኛል" አለችና መስፋቷን ቀጠለች። ከዚህ ሰው ጋር እንዴት ይጣላሉ።

የካቲት 27፣ ሐሙስ

ምንም አልተፈጠረም። ክፍልፋይ ማካፈል። አንድ ከኋላ የሚቀመጥ፣ እስከ ዛሬ ድምፁን ሰምቼው የማላውቅ ልጅ፣ "ለምንድን ነው ሁለተኛውን የምንገለብጠው?" ብሎ ጠየቀ። ደንቡ ነው ልል ስል ተውኩት። ከግማሽ ሜትር ጨርቅ ስንት ሩብ ሜትር ይወጣል ብዬ ከእህቴ ሥራ ጀመርኩ። ተከራከሩ። ደወሉን ሳልሰማ ቀረሁ። ከእኔ በኋላ የሚገባው መምህር በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን አሳየኝ። እንግዲህ ነገ ደግሞ በምክትሏ ቢሮ ሰዓት አታከብርም ይባላል።

መጋቢት 3፣ ረቡዕ

ምክትሏ ኮሪደር ላይ አስቆሙኝ። ጥናትሽ መቼ ያልቃል አሉ። ጋሽ ጠመኔ ሌላ የሐኪም ቀጠሮ አላቸው፤ እንደ ሁኔታው እናያለን አሉ። "እንደ ሁኔታው" ሲሉ ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

ቤት ገብቼ ለእህቴ ሰውየው እንደባሰባቸው ነገርኳት። ታዲያ ምኑ ነው የሚያስቅሽ አለችኝ። አልሳቅኩም። ፊቴ እንደዚህ ነው።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ልጆቹ ዛሬ ጋሽ ጠመኔን ሊጠይቁ ሄዱ። ጠበቃ ናት ያደራጀችው። አብሬያቸው እንድሄድ ለመነችኝ፤ ትልቅ ሰው ካልመራን አይፈቀድልንም አለች። ጥናቴን ጠቀስኩ። ምዕራፍ አራትን ቅዳሜ ማስረከብ አለብኝ፤ እውነቴን ነው። የስፖርት መምህሩ ይዟቸው ሄደ።

ቅዳሜ አማካሪዬ ዘንድ ስሄድ ቢሯቸው ዝግ ነው የሚሆነው፤ ያውም አሁን ትዝ አለኝ፣ ቅዳሜ ስብሰባ አለብኝ ብለውኝ ነበር። ያም ሆኖ ምዕራፉ መጻፍ ነበረበት።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ሰኞ ይመለሳሉ።

ምክትሏ መምህራንን ሰብስበው ነው የነገሩን። ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ። ደስ ብሎኛል። ሰው ድኖ ሲመለስ ደስ ሊል ይገባል።

እኔ እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ረዳት ሆኜ አብሬያቸው ክፍል እገባለሁ ተባለ። ከዚያ በኋላ ስላለው ምንም አልተባለም። አልጠየቅኩም። እህቴ ስትጠይቀኝ ራሴን አሞኛል ብዬ ተኛሁ። መኪናዋ እስኪቆም ድረስ እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ እሷም ዛሬ መስፋት አልሰለቻትም።

መጋቢት 22፣ ሰኞ

አየኋቸው። ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ አንገታቸውን በሻርፕ የሸፈኑ ሰው ናቸው። ኮታቸው ለሁለት ሰው ይሆናል። እጅጌው ላይ ጠመኔ የለም።

ሲገቡ ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው ብድግ አሉ። ለእኔ አንድ ቀን ተነስተውልኝ አያውቁም። ጋሽ ጠመኔ እጃቸውን ዘርግተው አስቀመጧቸው። ከዚያ ተናገሩ። ድምፅ አይባልም፤ ትንፋሽ ነው፣ ቃል የተሳፈረበት ትንፋሽ። ክፍለ ጊዜው ጸጥ እንዳለ ነው ያለቀው። ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አንድም ቃል አልሰማሁም። የማየው ሰሌዳውን ብቻ ነው። እጅ ጽሕፈታቸው የታተመ ይመስላል፤ ጥያቄውን የሚፈቱበት መንገድም፣ ጠበቃ ልክ ናት፣ ከእኔ ያጠረ ነው።

ከእሳቸው ጋር የተነጋገርነው ትንሽ ነው። ጆሮዬን አስጠግቼ ነው የሰማኋቸው። ልጆቹ ክፍልፋዩን ጥሩ አድርገው ይዘውታል አሉኝ። አመሰግናለሁ አልኩ። እንዲህ ሲሉኝ ምን ማድረግ ነበረብኝ? ደግ ባይሆኑ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 26፣ ዓርብ

ጸጥታው እስከ ረቡዕ ነው የቆየው። ትናንት የኋላዎቹ መነጋገር ጀመሩ። ስለማይሰሙ ነው፤ ማን ይፈርድባቸዋል። ዛሬ ካርታ ይጫወታሉ። ጋሽ ጠመኔ ጠረጴዛውን በእጃቸው ይመታሉ፣ ልጆቹ ዝም ይላሉ፣ እሳቸው ይዞራሉ፣ ልጆቹ ይጀምራሉ። እኔ የየካቲትን እያየሁ ነው፤ ልዩነቱ እኔ መጮኽ እችል ነበር።

ከአንድ ጥግ የእሳቸውን አነጋገር የሚያስመስል "ህህህህ" የሚል የትንፋሽ ድምፅ ተሰማ። ሳቅ። እሳቸው ሰሌዳው ላይ እየጻፉ ነበር፤ እጃቸው ትንሽ ቆመና ቀጠለ። ሰምተዋል።

ተነስቼ መጮኽ እችል ነበር። ክፍሉ የእሳቸው ነው፤ ረዳት ነኝ፤ ብጮኽ ያዋረድኳቸው ይመስላል ብዬ ተቀመጥኩ። እንዲህ ነው ያሰብኩት። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ሚያዝያ 1፣ ረቡዕ

ጋሽ ጠመኔ ዘዴ አመጡ። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ጮክ ብዬ እደግማለሁ። "የሦስት ማዕዘን ስፋት።" የሦስት ማዕዘን ስፋት። "ቁመቱ የቱ ነው?" ቁመቱ የቱ ነው? አንድ ጊዜ ለእኔ "ቆዪ፣ ውሃ ልጠጣ" ያሉኝን ሁሉ ጮክ ብዬ ደገምኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸውም ሳቁ፤ ሲስቁ ድምፅ አይወጣቸውም፣ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ሬዲዮ ብለው ስም አወጡልኝ። እስከ ዕረፍት ሰዓት ትምህርት ቤቱን አዳርሷል። አራት ዓመት ተምሬ የሰው ሬዲዮ ሆንኩ። ለእህቴ ስነግራት ሳቋን ከንፈሯን ነክሳ ያዘችው፤ "ጥሩ ጣቢያ ነው?" አለችኝ።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ምክትሏ በር ዘግተው አነጋገሩኝ። ክፍሉ ውስጥ ያለሽው አንቺ ነሽ አሉ። እኔ እሳቸውን ሃያ ዓመት ነው የማውቃቸው፤ ስለዚህ ማየት አልችልም አሉ። ይኼ የመጨረሻው ቃላቸው እውነት ይመስለኛል። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

"ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ። ጋሽ ጠመኔ ማስተማር ይችላሉ ወይስ አይችሉም? እስከሚመጣው ዓርብ ንገሪኝ። ከቻሉ ግን አንቺን የማስቀምጥበት ቦታ የለኝም፤ ይኼንንም ልደብቅሽ አልፈልግም።"

እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? አዎ ብል ራሴን አባረርኩ። አይ ብል ሽማግሌ አባረርኩ። ደግሞስ ለምን እኔ? ሱፐርቫይዘር የለም? ኮሚቴ የለም? ለሻይ ዕቃ ግዢ ኮሚቴ የሚያቋቁም ትምህርት ቤት ለዚህ እኔን አገኘ?

ሚያዝያ 4፣ ቅዳሜ

ፈታኞች ፊት የምቀርበው ሚያዝያ 23 ነው። አማካሪዬ ምዕራፍ አራትን አሳለፉት። አምስተኛው ግን አሁንም አንቺ የለሽበትም ብለው መለሱት። ከእሳቸው ቢሮ ወጥቼ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ማልቀስ አልነበረም፣ ንፋስ ነበር።

ሚያዝያ 7፣ ማክሰኞ

ያ "ህህህ" የሚለው ልጅ ዛሬ ደገመው። ጠበቃ ከፊት ወንበር ተነስታ፣ መተላለፊያውን ሄዳ፣ በጥፊ አለችው። ምክትሏ ጋ ተወሰዱ። እኔም ተጠራሁ። ልጁ ምንም አላደረግኩም አለ። ጠበቃ፣ "ቲቸር አይተዋል፤ ይንገሩዎት" አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

የሆነውን ብናገር ጋሽ ጠመኔ በተማሪ እንደሚቀለድባቸው ነገርኩ ማለት ነው፤ ዓርብ ሳይደርስ መልስ ሰጠሁ ማለት ነው። ሰሌዳውን እያየሁ ነበር፣ አላየሁም አልኩ። ጠበቃ የአንድ ቀን ቅጣት ተቀጣች፤ ግቢ ስትጠርግ በመስኮት አየኋት። ለእሳቸው ስል ነው የዋሸሁት። ለእሳቸው ከሆነ ታዲያ ለምን እንዲህ ይሰማኛል። ሌላ ሰው ቢያደርገው ኖሮ ምን እንደምለው አውቃለሁ።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ፣ ከመሸ

ነገርኳቸው።

ከትምህርት በኋላ ክፍሉ ባዶ ሆኖ፣ እሳቸው ሰሌዳ እያጠፉ፣ እኔ መስኮት እየዘጋሁ ነበር። ትናንት ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው ያደርኩት ንግግር ነበረኝ፤ "ጋሼ፣ በዕድሜዎ አባቴ ነዎት" ብሎ የሚጀምር። ከዚያ ሁሉ ያወጣሁት፣ "ጋሼ፣ ከኋላ አይሰሙዎትም" የሚለውን ብቻ ነው። ምክትሏ እንደጠየቁኝም ነገርኳቸው። ዓርብ ያየሁትን እንደምናገር፣ ከዚያ በፊት ግን ከእኔ እንዲሰሙ ብዬ መሆኑን ነገርኳቸው።

ይገባቸዋል ብዬ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳሰብኩ እንጃ። ሽማግሌ ሁሉ እጁን ትከሻ ላይ አድርጎ አይዞሽ ልጄ ይላል ብዬ ይሆናል። ተቆጡ። እንደዚያ ሰው ሲቆጣ አይቼ አላውቅም፤ ድምፅ የለም፣ ከሻርፑ በላይ የሚታየው የአንገታቸው ስፌት ብቻ ቀላ። ጆሮዬን ማስጠጋት ነበረብኝ፤ የሚሰድበኝን ሰው ለመስማት ተጠጋሁ።

"ይኼን የምትዪው ለልጆቹ ነው ለራስሽ?"

ለልጆቹ ልል አፌን ከፈትኩ። "ለሁለቱም" አልኩ።

 ዳስተሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ደህና እደሪ ሳይሉኝ ወጡ። ግማሹ ሰሌዳ እንደተጻፈ ቀርቶ ነበር፤ እኔ አጠፋሁት።

ለእህቴ ነገርኳት። ቀልድ ትቀልዳለች ብዬ ጠብቄ ነበር። አልቀለደችም። ራት አቀረበች፤ ብዪ አለችኝ፤ ቁጭ ብላ እስክጨርስ አየችኝ። ቀልድ ነበር የሚሻለኝ።

ሚያዝያ 9፣ ሐሙስ

ጋሽ ጠመኔ ወደ ክፍል አልመጡም። ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻዬን አስተማርኩ። ማረፊያ ክፍል ስገባ ወሬው ቆመ። ስወጣ የባዮሎጂው መምህር "ወራሿ" ሲል ሰማሁ። በቀስታ ነው ያለው፤ ግን እኔ ከሳምንታት ወዲህ በቀስታ የሚባል ነገር መስማት ተምሬያለሁ።

ሚያዝያ 10፣ ዓርብ

ምክትሏ ቢሮ። አይችሉም አልኩ። ቀጥዬ፣ ሂሳቡን ከሁላችንም በላይ ይችላሉ፣ ክፍሉን ነው የማይችሉት፤ ጥቂት ልጆች ጠረጴዛ ከበው ቢቀመጡላቸው ግን ከማንም የተሻለ ያስተምራሉ፤ ደከም ያሉትን ቢሰጧቸውስ አልኩ። እንደዚህ ያለ የሥራ መደብ የለንም አሉኝ። ልወጣ ስል አስቀመጡኝ።

"እሳቸው ትናንት ጠዋት መጥተው በቃኝ ብለውኛል። የአንቺን ልስማ ብዬ ነው።"

ትናንት ጠዋት። እንግዲያው ዛሬ ለምን አስለፈለፉኝ? ሰው የተዘጋ በር እንዲገፋ ይደረጋል? ይኼን በልቤ ነው ያልኩት። በአፌ እሺ አልኩ፤ እሺ የምትለው ቃል ስንት ነገር ትሸከማለች።

አሁን መናገሬ ምንም አልለወጠም ማለት ነው። ሊቀለኝ ይገባ ነበር።

ሚያዝያ 13፣ ሰኞ

ሊሰናበቱ መጡ። ልጆቹ አያውቁም ነበር። እንደ ልማዱ አጠገባቸው እንድቆም በእጃቸው ጠሩኝ። ረቡዕን ከማሰብ በቀር ምንም አላሰብኩም፤ ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፣ ሰላምታም የለም፤ ሥራ ላይ ያለ ሰው ፊት ነው።

አንሾካሾኩ፤ ጮክ ብዬ ደገምኩ።

"ከነገ ጀምሮ አልመጣም።"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የገባኝ። በእኔ ድምፅ፣ በእኔ አፍ። ልጆቹ ለአፍታ እኔ የምሄድ መሰላቸው፤ የጠበቃ ፊት ላይ አየሁት፣ ቀድሞ ደስታ ነው የመጣው፣ ቀጥሎ ዓይኗ ወደ እሳቸው ዞረ።

ቀጠሉ። ቀጠልኩ። ድምፄ ጥሎኝ ሄደ አሉ። ለሃያ ዓመት የጮኽኩት አለቀ። ከእናንተ አንዳንዶቹ ሰነፎች ናችሁ፤ ስነግራችሁ አታምኑም፤ እንግዲህ ሰው ይንገራችሁ። የሦስት ማዕዘኑን ሳልጨርስላችሁ ነው የምሄደው፣ ያ ያናድደኛል። እንዲህ ነው ያሉት፣ "ያናድደኛል"። ሌላ የሚያምር ነገር አልተናገሩም። እኔ ግን አንድ ቦታ ላይ ድምፄ ተቆረጠ። ቆመው ጠበቁኝ። ስበረታ ያንኑ ዐረፍተ ነገር እንደገና አንሾካሹከው ሰጡኝ፣ ተማሪ ቃለ ጽሕፈት ሲያመልጠው እንደሚደገምለት።

ሲወጡ ብድግ አሉላቸው። "ህህህ" የሚለው ልጅ ከሁሉም መጨረሻ ነው የተቀመጠው።

ሚያዝያ 15፣ ረቡዕ

ውል ተፈራረምኩ። ዲግሪው ከመጣ ቋሚ ነኝ። እህቴ ደስ አላላትም ማለት አልችልም፤ ዛሬ ለፈተናው ቀን የሚሆን ቀሚስ ልትሰፋልኝ ልኬን ወሰደች። ቀጥ በዪ አለችኝ። ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት አልኳት። "ጎብጠሻል" አለች።

ሚያዝያ 18፣ ቅዳሜ

አምስተኛውን ምዕራፍ ከሥር ጀምሬ ጻፍኩት። የጠቀስኳቸውን ምሁራን ግማሹን አወጣሁ። ከኋላ ስለሚቀመጡ ልጆች ጻፍኩ። ሲያጠፉ ምን እንደሚባሉ ሳይሆን፣ ከፊት ከሚነገረው ምን እንደሚደርሳቸው። አማካሪዬ አንብበው፣ ቋንቋው ጥናት አይመስልም አሉ። ግን ፈረሙበት።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ

አለፍኩ። ውጤቱ መካከለኛ ነው።

ከፈታኞቹ አንዱ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ይኼን ያልሽውን በራስሽ ክፍል ሞክረሽዋል ወይ አሉኝ። ሞክሬዋለሁ አልኩ። ሠራ? አንዳንድ ቀን አልኩ። የትኛው ቀን? አላውቅም አልኩ። አማካሪዬ ጣራውን አዩ። ስለማላውቅ መካከለኛ ሰጡኝ፤ አውቃለሁ ብዬ ብዋሽ ከፍ ያደርጉት እንደነበር አልጠራጠርም። አራት ዓመት እንዲህ ባለ ቃል አለቀ፦ አላውቅም።

እህቴ ሱቋን ዘግታ መጥታ በፈተናው ክፍል በር ላይ ቆማ ነበር። አለፍኩ ስላት አቀፈችኝና ቀሚሱ ወገቡ ላይ ትንሽ እንደሰፋ አየች። "ከስተሻል" አለች። እዚያው ኮሪደሩ ላይ መርፌ ቁልፍ አውጥታ ጠበብ አደረገችው።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ክፍል ስገባ እንኳን ደስ አለዎት አሉኝ፤ ማን እንደነገራቸው እንጃ። ጠበቃ አላለችም። እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ጋሼን ያስወጧቸው እርስዎ ነዎት?"

በራሳቸው ነው የወጡት ማለት እችል ነበር፤ እውነትም ነው። ምክትሏም ይመሰክራሉ።

ተጠይቄ ነበር፣ አይችሉም ብያለሁ አልኳት። ለእሳቸውም ነግሬያቸዋለሁ። አንቺ የተቀጣሽ ቀንም ልጁን አይቼዋለሁ፤ አላየሁም ያልኩት ውሸት ነው አልኩ። የመጨረሻውን ለመናገር አላሰብኩም ነበር።

 ልጁ ጠረጴዛውን ያያል።

"ለምን አይችሉም አሉ? እኔ እሰማቸው ነበር" አለች።

"አንቺ ከፊት ስለምትቀመጪ ነው።"

 ይቅርታ አላደረገችልኝም፤ ይኼን ፊቷ ላይ ማንበብ ከባድ አይደለም። መጽሐፉን አስከፈትኳቸው። ቀኑ ሙሉ አበሳጪ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ስብሰባ፣ ደብተር፣ የተሰበረ የመስኮት መስታወት ጉዳይ።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ጠበቃ ወንበር ቀይራለች። የመጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳው ጋ፣ ከዚያ ልጅ አጠገብ። ማንም አላዛወራትም። አኩርፋ ነው መሰለኝ። አልጠየቅኳትም።

የሦስት ማዕዘኑን ጋሽ ጠመኔ ካቆሙበት ቀጠልኩ። ገና ቁመቱን ሳሠምር ከግድግዳው በኩል፣ "ቲቸር፣ እዚህ አይሰማም" አለች። ደገምኩት። "አይሰማም።" ሆን ብላ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ደሜ ፈላ። ሰሌዳውን ትቼ በመተላለፊያው እስከ መሐል ሄድኩና እንደገና አልኩት።

ጎንዋ ወዳለው ልጅ ዞር ብላ ተሰማህ ስትል ጠየቀችው። ልጁ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

"አሁን ተሰማ" አለች። "ይቀጥሉ።"